የልብስ ሰፊው ክንድና ሰማያዊዋ ካኑላ

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በዚያ ቀን ደክሞኝ ነበር። ለማመካኛ አይደለም የምለው። ማመካኛ ቢሆንማ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ያስተኛኝ ነበር። ግን የሆነውን ነገር ከድካሜ ነጥዬ ላውራችሁ ብል አይሆንልኝም።

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የግል ምርመራ ቤት ሲቲ ስካን ማንሳት ነው፤ ያ ሰው ተጋድሞ የሚገባበት፣ ትልቅ ቀለበት የሚመስለው ማሽን። በሽተኛው ሁሉ ሲስተር ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ ግን ማረም ከተውኩ ቆየሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፣ ምን ይደረጋል።

ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ባልደረባዬ ለወሊድ ወጣች፣ ተተኪ ይመጣል ተባለ፣ ተተኪው ሳይመጣ ሐምሌ ገባ። የማርቆስን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ማሽኑ እንደገና ተነስቶ እስኪዘጋጅ ድረስ ኮሪደሩ በሰው ይሞላል። ከቁይ የመጣው፣ ከሉማሜ የመጣው፣ ሁሉም ማልዶ የተነሳ፣ ሁሉም እህል ያልቀመሰ ነው። ሁሉም "እኔ እኮ ሩቅ ነው የምመለሰው" ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ እወድቃለሁ። እናቴ ደውላ "ደህና ነሽ?" ስትለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። እንዲህ ያለች ሰው ነበርኩ ያኔ።

አሁን ስለ ሥራው አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ አለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። አንዳንድ ምርመራ ያለ መድኃኒት አይታይም። ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጥና ምስሉ ላይ ደም ሥሮቹን ነጭ አድርጎ ያወጣቸዋል። ፈሳሹን የሚሰጠው ሰው አይደለም፤ ኢንጀክተር የሚባል ማሽን ነው። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መድኃኒት በኃይል ይገፋል። ታዲያ ይህን ግፊት የሚችል ወፈር ያለ ካኑላ ያስፈልጋል፤ ካኑላ ደም ሥር ውስጥ የምትቀር ቀጭን ቱቦ ናት። መጠኗ በቀለም ይለያል። ሮዝዋ ወይም አረንጓዴዋ፣ ክርን እጥፋት ላይ ባለው ትልቅ ደም ሥር፣ አዲስ ተደርጋ፤ የሚፈለገው ይህ ነው። ሰማያዊዋ ቀጭን ናት። ለጉሉኮስ ትሆናለች፣ ለዚያ ግፊት ግን አትታመንም፤ ያውም በእጅ ጀርባ ላይ። ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ ነው የተማርኩት። አላውቅም ነበር እንዳልል አውቅ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ጋቢ ደርበዋል፣ ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ አንገታቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝተው፣ ጉበታቸው አካባቢ ያለውን ነገር እንድናይ ተልከው ነው። ሜትሩን ግን ሁለት ቀን ሙሉ አላወለቁትም።

"ስምዎ አባባ?"

"ኢብራሂም። የይጁቤ ልብስ ሰፊ።" ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ይህን ጋዋን ማን ነው የሰፋልሽ ልጄ?"

"ተሰጥቶኝ ነው።"

"እሱማ ያስታውቃል። ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው። ትከሻው ጎትቶሻል።"

"አባዬ፣ ልትታከም ነው የመጣኸው" አለች ልጃቸው። ከድጃ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፊቷ ላይ የሁለት ቀን የአስታማሚ እንቅልፍ ማጣት ይታያል። አባቷ ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። በዚያ ሳምንት ከሳቅሁ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀኝ እጃቸውን ሳይ ሆስፒታል የተደረገችላቸው ካኑላ አለች። ሰማያዊ። በእጃቸው ጀርባ ላይ፣ ሁለት ቀን የቆየች፣ ፕላስተሯ ጫፍ ጫፉ የቆሸሸ። ጫፏ ላይ ከሆስፒታሉ የመጣ ቀጭን ማገናኛ ቱቦ እንደተሰካ ነው፤ እሱም ለግፊት የሚሆን አይደለም።

መንቀል ነበረብኝ። ነቅዬ ክርናቸው ላይ ሮዝዋን ማድረግ ነበረብኝ። ክንዳቸውን አየሁት፤ ደም ሥራቸው ጠፍቷል፣ ምግብና ውሃ ከቀመሱ ቆይተዋል። ለመፈለግ አሥር ደቂቃ፣ ቢስትብኝ ሃያ ደቂቃ። በሩ ላይ ሰው ቆሟል። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በሆዴ "አንድ ጊዜ ነው፣ ትችለዋለች" አልኩ።

የጨው ውሃ በእጄ ገፍቼ ሞከርኳት። ገባ። ትንሽ ግን ከበደኝ። እጃቸውን ስላጠፉት ነው አልኩ። ሰው መስማት የማይፈልገውን ነገር ዝም ለማሰኘት መቼም ምክንያት አያጣም።

ለዚህ ምርመራ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚኬደው። የአባባ ኢብራሂም ቀኝ ትከሻ ግን አልነሳ አለ፤ አርባ ዓመት ከስፌት መኪና ላይ ጎንብሶ የኖረ ትከሻ ነው። "ይቅር በቃ፣ ከጎንዎ ይሁን" አልኳቸው። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ማሽኑ እንዳይሞቅ ሁሌም ቀዝቃዛ ነው። ሲንቀጠቀጡ አየሁና ጋቢያቸውን ሳብ አድርጌ አለበስኳቸው። ክንዳቸው ከነካኑላዋ ከጋቢው ሥር ገባ። ያደረግሁላቸው ደግነት መስሎኝ ነበር።

"አባባ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ሙቀት ይሰማዎታል። አይደንግጡ። እንዳይንቀሳቀሱ፣ ምስሉ ይበላሻል።"

"አልንቀሳቀስም።"

በመስታወቱ ማዶ ወዳለው ክፍሌ ገባሁና ማሽኑን አስነሳሁ። ኢንጀክተሩ መግፋት ጀመረ። የግፊቱን ቁጥር አየሁት፤ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሌላው ቀን ከፍ ብሏል፣ ግን ማሽኑ ራሱ የሚያቆምበት ላይ አልደረሰም። የድምፅ ማጉያውን ተጫንኩ።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ!"

ቁጥሩ ጨመረ። ደግሜ ተጫንኩ። "ደህና ነዎት አይደል?"

"አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ደህና ነኝ። አንቺ ደህና ነሽ?"

እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው። አዎ፣ እንደዚያ አልኳቸው። መድኃኒቱ አለቀ፣ አልጋው ገባ፣ ምስሉ ወጣ።

ምስሉን ሳየው ክው አልኩ። ነጭ ሆኖ ማብራት የነበረበት ትልቁ ደም ሥር እንደ ሌላው ሥጋ ግራጫ ነው። ጉበቱም እንደዚያው። መድኃኒቱ ሆዳቸው አልደረሰም። ያን ያህል ፈሳሽ ከማሽኑ ወጥቷል፣ ደም ውስጥ ግን የለም። ታዲያ የት ነው ያለው?

ሮጬ ገብቼ ጋቢውን ገለጥኩት። ከእጃቸው ጀርባ እስከ ክርናቸው ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ክንዳቸው ተነፍቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ደም ሥሩ አልቻለም፣ ተበስቷል፣ መድኃኒቱ ሁሉ ሥጋ ውስጥ ፈሷል። ቱቦው ቢፈነዳ ኖሮ ምን ነበረበት፤ ወለል ላይ ይፈስና ወልውዬው እሄድ ነበር።

"አባባ! ለምን አልነገሩኝም?"

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "ይሞቃል አላልሽኝም? ሞቀኝ። አትንቀሳቀስ አልሽኝ። አልተንቀሳቀስኩም።"

"ደህና ነዎት ስልዎት…"

"ደህና ነዎት ስትይኝማ አላህን አመሰገንኩ። ምን ልበልሽ ታዲያ?"

በጎጃም ምድር፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ "ደህና ነህ?" ተብሎ ተጠይቆ "አይ፣ ደህና አይደለሁም" ብሎ የሚጀምር ሰው አይቼ አላውቅም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ከዚያ ነው ስለ ቃጠሎው የሚያወራው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ በየቀኑ ለእናቴ ያንኑ እየመለስኩ፣ የሰውን ክንድ በዚህች ጥያቄ መጠበቅ ይቻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ካኑላዋ ውስጥ የቀረውን በመርፌ መልሼ ለመሳብ ሞከርኩ፤ የመጣው ጠብታ ነው። ነቀልኳት። ቀለበታቸውን ከጣታቸው በሳሙና አወጣሁ። ክንዳቸውን በትራስ ከፍ አድርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዝኩበት። በእስክሪብቶ የእብጠቱን ዳርቻ ዙሪያውን አሰመርኩ፤ እየሰፋ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለው በዚያ ነው የሚታወቀው። ከዚያ አጠገባችን ካለው ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ጠራሁ፤ በር ላይ ለተሰለፈውም "ዛሬ ማሽኑ አይሠራም" አልኩ። ማሽኑስ ይሠራ ነበር፤ መሥራት ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ከድጃ በሩ ላይ ቆማ የአባቷን ክንድ ታያለች። "ምንድን ነው?" አለችኝ።

እዚያ ላይ አንድ ቀላል መንገድ ነበረኝ። ደም ሥራቸው ደካማ ነው፣ ያጋጥማል ማለት ይቻል ነበር። በእርግጥም ጥንቁቅ ሰው ላይም ያጋጥማል። ወይም ሆስፒታል ያደረገችላቸውን ነርስ መውቀስ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "ካኑላዋ ለዚህ ሥራ አትሆንም ነበር። መቀየር ነበረብኝ።"

"ታዲያ ለምን አልቀየርሽም?"

"ደክሞኝ ነበር።"

ብትሰድበኝ በወደድኩ። "እኛም ደክሞናል" አለች፣ እና ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ቀዶ ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ሲሆን መጣ። ወጣት ነው፣ እሱም ከሌላ ቀዶ ሕክምና ነው የወጣው፤ ግንባሩ ላይ የቆቡ መስመር አለ። ክንዱን ዳበሰ፣ የእጅ አንጓ ላይ የደም ምቱን ፈለገ፣ አገኘ።

"አባባ፣ ያምዎታል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ይሻለኛል።"

"ጣትዎ ደህና ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ጥሩ ነው እንግዲህ" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ በረዶውን ቀጥሉ። የባሰ ነገር ካለ ጥሩኝ።" ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

"ዶክተር" አለች ከድጃ። "አባቴን እንደዚያ ብትጠይቀው እስከ ነገም አይነግርህም። እናቴ ልትሞት ስትል እንዴት ነሽ ሲሏት አልሐምዱሊላህ ነው ያለችው። እሱም ያው ነው።"

ሐኪሙ እኔን አየ፣ እኔ ሽማግሌውን አየሁ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በትንሹ ታጥፈው ቀርተዋል። አንገታቸው ላይ ያለው ሜትር እስከ አሁን አለ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ይህ ክንድ እጅጌ ቢሆን፣ የቱ ላይ ነው የጠበበዎት?"

ዓይናቸው በራ። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በግራ እጃቸው ጣት ማሳየት ጀመሩ። "ከክርኑ አራት ጣት ዝቅ ብሎ እስከ አንጓው ድረስ ጠቧል። ከላይ በኩል ይቻላል። በውስጥ በኩል ግን፣ እዚህ ጋ፣ ስፌቱ ሊፈነዳ ነው። ከጠዋት ይልቅ አሁን ብሷል። ይህቺ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ደግሞ ጓንት ያጠለቁ ይመስል የሚነኩትን አያውቁም።"

ሐኪሙ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። የታጠፉትን ጣቶች ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዘረጋቸው። የአባባ ኢብራሂም ፊት አልተለወጠም፤ ጢማቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባራቸው ላይም ላብ ወጣ። ሐኪሙ ያንን አየ።

ኮሪደር ላይ ወስዶ ነገረን። ግፊቱ በክንዱ ውስጥ ተዘግቶ ከቀረ ጡንቻና ነርቭ ይሞታል። ቆዳውን ከአንጓ እስከ ክርን ቀድዶ ግፊቱን ማስወጣት ግድ ይሆናል። "አሁን የደም ምቱ ደህና ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ሰዓት እየተከታተልን እንጠብቀው። ክፍሉን አዘጋጃለሁ። እብጠቱ መስመሩን ካለፈ፣ ወይም የሌሎቹ ጣቶች ስሜት ከጠፋ፣ ወዲያውኑ እንገባለን።"

"ከተቀደደ ወዲያስ? መቀስ ይይዛል?" አለች ከድጃ።

"ቃል መግባት አልችልም" አለ።

ከድጃ ወደ ውስጥ ገብታ ለአባቷ አልደበቀቻቸውም። ሽማግሌው ጣሪያውን እያዩ "እኔ አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስቀድድ ኖሬ፣ የኔ ተራ ደረሰ" አሉ። ከድጃ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ሶላታቸው ደርሶ ስለነበር፣ እንደተጋደሙ፣ የቀኝ ክንዳቸው በትራስ ላይ እንደተሰቀለ፣ ራሳቸውን ብቻ ዝቅ ቀና እያደረጉ ሰገዱ። እኔም ጥግ ላይ ቆሜ በሆዴ እመቤቴን ለመንኩ። ምን ብዬ እንደለመንኩ ልንገራችሁ? የኚህን ሰው እጅ አትርፊልኝና እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ለራሴ ካልሆነ ለሥራዬ ብዬ ጸልዬ አላውቅም።

መጠበቅ ጀመርን። በየሩብ ሰዓቱ መስመሩን አያለሁ፣ ጥፍራቸውን ተጭኜ ደሙ ሲመለስ አያለሁ፣ የጣታቸውን ስሜት እፈትሻለሁ። በመርፌ ጫፍ ነክቼ "ይሰማዎታል?" ብል መልሱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዓይናቸውን አስጨፍኜ ጨርቅ አስነካቸው ጀመር።

"ይህ ምንድን ነው አባባ?"

አውራ ጣታቸውና አመልካች ጣታቸው ዳሰሱ። "ያንቺ ጋዋን። ከፖሊስተር ጋር የተቀየጠ ነው፣ ክረምት ላይ አይሞቅሽም።"

"ይህስ?"

"የኔ ጋቢ።"

በትንሿ ጣታቸው ሳስነካቸው ዝም ይላሉ። ሰባት ሰዓት ላይ እንዲህ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እብጠቱ መስመሩን በአንድ ጣት ስፋት አለፈ። ወደ ሐኪሙ ደወልኩ፤ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፣ እንደጨረሰ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ሌላ መስመር አሰመርኩ። ነገሩ የወረቀት ፈተና ቢሆን ስህተቴን አጥፍቼ እንደገና እጽፈው ነበር እያልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ በአውራ ጣታቸውና በአመልካች ጣታቸው ጋዋኔን አስነካኋቸው። ቆዩ። "አንሶላው ነው" አሉ።

ጋቢያቸውን አስነካኋቸው። "ይኸም አንሶላው ነው።"

ከድጃ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። ሁለተኛ ደወልኩ፤ ሐኪሙ "አሁን መጣሁ፣ አዘጋጇቸው" አለኝ። በረዶውን አነሳሁ፤ ቆዳቸው ከቅዝቃዜው ብዛት ድንዝዝ ብሏል፤ አውራ ጣታቸው ራሱ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል። በረዶው ወደ ጣቶቻቸው ተንሸራትቶ ኖሯል። ስሜታቸውን የወሰደው ግፊቱ ይሁን በረዶው ማን ያውቃል? ጣቶቻቸውን በሁለት መዳፌ መሃል ይዤ ማሞቅ ጀመርኩ። ከድጃም መጣችና በሌላ በኩል ያዘች። ደቂቃው አልሄድ አለ።

ሐኪሙ ሲገባ ልክ ከድጃ ጎንበስ እንዳለች ነበር፤ የቀሚሷ እጅጌ የአባቷ ጣቶች ላይ ወደቀ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። ጣቶቹ ጠርዙን ያዙ። አውራ ጣትና አመልካች ጣት፣ ቀጥሎም መሃለኛው። ቀስ እያሉ በስፌቱ ላይ ሄዱ።

"ይህ የኔ ስፌት ነው" አሉ። "ለዒድ የሰፋሁልሽ። እዚህ ጋ ክር ተበጥሶብኝ ደግሜበታለሁ።"

ሐኪሙ ቀረብ ብሎ አየ። እውነትም እጅጌው ጠርዝ ላይ፣ ልብ ካልተባለ የማይታይ፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ቦታ አለ። ጣቶቹን እንደገና ዘረጋቸው። "እጅጌው አሁንስ?" ብሎ ጠየቃቸው። ጠቧል ግን አልባሰም አሉት። መስመሩን አየን። ሁለተኛውን አላለፈም።

"አንድ ሰዓት ልጠብቅ" አለ። ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቀ። አሥር ሰዓት ላይ እብጠቱ ከሁለተኛው መስመር ሸሽቶ ነበር። ሳይቀደዱ ሆስፒታል ተኝተው እንዲታዩ ወሰዳቸው። በሩ ላይ አባባ ኢብራሂም ዞር ብለው "ደህና ሁኚ ልጄ" አሉኝ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። እብጠቱ በአራት ቀን ሄደ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ደንዝዘው ወራት ቆዩ። ምርመራቸውን በግራ ክንዳቸው፣ ክርናቸው ላይ በአዲስ ካኑላ፣ ደግመን አነሳን፤ ጉበታቸው ላይ የነበረው መግል ሆኖ በመድኃኒት ዳነ። እኔ የሆነውን ሁሉ፣ ሰማያዊዋን ካኑላ ጨምሬ፣ በጽሑፍ ለአለቆቼ ሰጠሁ። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ፤ ይገባኛል። ተተኪዋም በሳምንቱ መጣች፤ ለካ ክንድ ያበጠ ጊዜ ነበር የምትመጣው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመሃላችሁ የእኔን ሥራ የምትሠሩ ካላችሁ ምክር አልሰጣችሁም፣ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ካኑላ አላምንም። ማገናኛ ቱቦ ለግፊት መሆኑን ሳላነብ አልሰካም። በጨው ውሃ ስሞክር ጣቴ ደም ሥሩ ላይ ነው፤ ከከበደኝ ከበደኝ ነው፣ ሌላ እፈልጋለሁ። ክንዱን አልሸፍንም፤ በብርድ ከተንቀጠቀጡ እግራቸውን አለብሳለሁ። መድኃኒቱ መግባት ሲጀምር ደም ሥሩ ነጭ እየሆነ መምጣቱን ምስሉ ላይ ካላየሁ አቆማለሁ። "ደህና ነዎት?" ብዬ ደግሞ አልጠይቅም። "መርፌው የገባበት ቦታ ያቃጥልዎታል? ይወጥርዎታል? ከተወጠረ አሁኑኑ ይጩሁ፣ ነውር አይደለም" እላለሁ። እናንተ ደግሞ በዚያ ማሽን ላይ የምትጋደሙ፣ ስትጠየቁ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ፤ ግን ከምስጋናው ቀጥላችሁ ያመማችሁን ተናገሩ። ምስጋናው አይረክስም።

በጥር አንድ ቅዳሜ ይጁቤ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ ስኳር ይዣለሁ። ሱቃቸው ገበያው ዳር ናት። አባባ ኢብራሂም ከስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። በቀኝ እጃቸው መቀስ ይዘዋል። ትንሿ ጣታቸው ከመቀሱ ውጭ ተዘርግታ ቀርታለች፤ ሌሎቹ ግን ጨርቁን ሲቆርጡ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚያወጡት። ቆሜ አየሁት።

ሲያዩኝ ተነሱ። "ጋዋንሽን አመጣሽው?" ነው ያሉኝ መጀመሪያ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ትከሻውን እዚያው ፈትተው፣ እዚያው ሰፉልኝ። አለበሱኝ፣ ዙሪያዬን ዞረው አዩኝ፣ ልክ ሆነ አሉ። ከዚያ መቀሱን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ እኔንም በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

"አንቺስ ደህና ነሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠበቁኝ። ገበያው ይንጫጫል። እኔ ጋዋኑን አውልቄ አጠፍኩት፤ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

"መመስገኑንስ ይመስገን" አሉ። "የቱ ላይ ነው የጠበበሽ?"

ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ነገርኳቸው። ከሐምሌ ጀምሬ፣ ከዚያም በፊት ካለው ጀምሬ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲመሽ በመጨረሻው መኪና ተመለስኩ፤ ቤቴ ስገባ ጫማዬን አወለቅሁና ለእናቴ ደወልኩ።